አስካለ እና ባለ ሦስት መስመሩ ደብተር

ያኔ ፒያሳ ላይ የሱሪው መስመር እንደ ምላጭ የተሳለ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ካጋጠማችሁ ልብሱ በአስካለ እጅ አልፏል ማለት ነው። ከወርቅ ቤቶቹ ወረድ ብላ አንዲት ላውንደሪ ነበረች፤ ከፊት ረጅም ባንኮኒ፣ ከኋላ እንፋሎት። አስካለ እንፋሎቱ ውስጥ ቆማ አሥራ አራት ዓመት ተኩሳለች። የባላባቱን ካፖርት ስትተኩስ የነበረች ሴት ኋላ የካድሬውን ካኪ ተኮሰች፤ ልብሱ ተለወጠ እንጂ ካውያው ያው ካውያ ነበር። አጠር ያለች፣ ክንደ ብርቱ፣ ሳቂታ ሴት ናት። የተጨማደደ ነገር አትወድም። መንገድ ላይ ኮቱ የተጨማደደ ሰው ካየች እጇን ያሳክካታል።

ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። እናቷ አልጋ ሲይዙ ደብተሯን ዘጋች፤ እናቷ ካረፉ በኋላ ደግሞ ማን ይከፍተዋል? እንዲያው ቀረ።

ያስከፈታት አንድ ሸሚዝ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሰባ አራት ይሁን ሰባ አምስት እንጃ፤ ብቻ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ካርድ የሚገዛበት ጊዜ ነው። አንድ የስድስት ኪሎ መምህር ከውጭ አገር የመጣ ነጭ የናይለን ሸሚዝ ይዞ መጣ። ከኮሌታው ሥር የተሰፋች ጣት የምታህል ጨርቅ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፈዋል። አስካለ ፊደሉን ትለያለች፤ ከሦስቱ አንዷን ቃል ደግሞ ታውቃታለች። ‹አይረን› ትላለች፤ የካውያዋ ካርቶን ላይ ስታያት የኖረች ቃል ናት። ‹እሰይ፣ ተኩሺው ይላል› ብላ በደንብ የጋለውን ካውያ አሳረፈችበት። ናይለኑ እንደ ሻማ ቀለጠ።

የሸሚዙ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ ሊቆጣ እንኳን አልሞከረም። ቀዳዳውን በጣቱ እየነካካ፦

“እትዬ አስካለ፣ ‹ዱ ኖት አይረን› ነው እኮ የሚለው። አትተኩሱ ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት ዘለሏቸው” አላት።

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ‹ሁለት ትንንሽ ቃላት ዘልዬ የሰው ሸሚዝ አቀለጥኩ› እያለች ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። በመስከረም ፒያሳ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ሄዳ የማታ ተማሪ ሆና ተመዘገበች፤ አምስተኛ ክፍል። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነበር። ለማንም ግን አልተናገረችም። ‹ብወድቅስ?› ነው ነገሩ። ጎረቤት ‹ምነው አመሸሽ?› ሲላት ‹ሥራ በዛ› ትላለች።

በሁለተኛው ዓመት እንግሊዝኛ የሚያስተምሯት መምህር ወልደሥላሴ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጠመኔ ከኮታቸው እጅጌ የማይለይ፣ ሲያስተምሩ የሚቁነጠነጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጽፈው ወደ ተማሪው ዞሩ።

“የእንግሊዝኛ ግስ ኩሩ ነው” አሉ። “የእኛው ግስ ‹አልሄደም› ሲልም፣ ‹ሄደ ወይ?› ሲልም ራሱ ነው የሚደክመው። የእንግሊዝኛው ግን ሊክድም ሆነ ሊጠይቅ ሲፈልግ ከቤቱ አይወጣም። ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ዱ፣ ደዝ፣ ዲድ።”

ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው የታክሲ ሹፌር እምሩ እጁን አወጣ። “መምህር፣ ሽማግሌው ባዶ እጁን ነው የሚሄደው?”

“የለም! ዋናው እሱ አይደል? ዲድ ሲሄድ ያለፈውን ጊዜ በጫንቃው ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሸክሙን እሱ ከወሰደ ግሱ ምን ይሸከማል? ምንም። ‹ዌንት› የነበረው ‹ጎ› ሆኖ እጁን አጣጥፎ ቤቱ ይቀመጣል።”

“ታዲያ ‹ዲድ ኖት ዌንት› ያለ ሰው?”

“አንዱን ሸክም ለሁለት ሰው አሸከመ።”

“እንዲህ ከሆነማ የእኛ ቀበሌ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው” አለ እምሩ። “አንዲት ወረቀት ለማስፈረም አምስት ሰው ይሸከማታል።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ወልደሥላሴ መጀመሪያ በሩን አዩ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። የቤት ሥራውን የሰጡት ያን ጊዜ ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር፣ ስለምታውቁት ሰው፣ ስላደረገው ነገር። እያንዳንዱ በሦስት መስመር ይጻፋል፤ በመጀመሪያው ‹አደረገ›፣ በሁለተኛው ‹አላደረገም›፣ በሦስተኛው ‹አደረገ ወይ?›።

“ከመጽሐፍ የተቀዳ አልቀበልም” አሉ። “ከኑሯችሁ አምጡ። በየሳምንቱ ዓርብ አያለሁ።”

ሌላው ተማሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ‹አባቴ ዳቦ ገዛ› ብሎ ይጽፋል። አስካለ ግን ከኑሮ አምጡ ሲባል ቃሉን እንዳለ ነው የወሰደችው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የራሷ ነገር ‹ተኮስኩ፣ አልተኮስኩም፣ ተኮስኩ ወይ?› ብሎ በሦስት መስመር አለቀ። ስለዚህ ወደ ጎረቤት ዞረች።

ቤቷ አፍንጮ በር ነው፤ ከፒያሳ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግራ ዳገቱን ትወጣለች። ግቢው ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ውኃዋ የምትመጣው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ሴቶቹ ባልዲና ጀሪካናቸውን ደርድረው እዚያ ነው የሚገናኙት። የሰፈሩ ወሬ የሚቀዳውም እዚያው ነው። ከሁሉም ነጂባ ትብሳለች። ከግቢው በር ላይ ቅመም የምትቸረችር የጉራጌ አገር ሴት ናት፤ ምላሷ ከሚጥሚጣዋ አይተናነስም። ለአስካለ ደግሞ እንደ እህት ናት፤ ግድግዳቸው አንድ ነው።

“ነጂባ፣ ትናንት የት ዋልሽ?” አለቻት አስካለ።

“የት እውላለሁ? ቅመሜ ላይ።”

“ከዚያስ በኋላ?”

“እንዴ አስኩ! ባሌ ሆንሽ እንዴ?”

ሴቶቹ ሳቁ። አስካለም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን፦

“ያ ሰማያዊ ኮት የለበሰው ሰውዬ ማነው? ምን ይዞ መጣ?” አለች።

“የባሌ ወንድም ነው፤ ማር ይዞልን መጣ። ምነው?”

“ምንም፤ እንዲያው ነው።”

ከዚያ ዞር ብላ ከነጠላዋ ሥር ደብተሯን አውጥታ ጫር ጫር። ‹አመጣ› ለማለት ‹ብሮት› የምትለውን ቃል የምታውልበት አጥታ ስትጨነቅ ነበርና በደስታ ልቧ ዘለለ። ሌሎቹ ያዩት ግን ደስታዋን አይደለም፤ እርሳሱን ነው።

በሌላ ቀን እማማ ለተክርስቶስን ያዘቻቸው። እማማ ለተክርስቶስ የግቢው ታላቅ፣ ከትግራይ መጥተው አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። “እማማ፣ ትናንት ማታ ምን ጠጡ?” ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳይጠረጥሩ “ጉንፋን ይዞኝ አንዲት መለኪያ አረቄ” አሏት። ጫር ጫር። የልብስ ሰፊው ሚስት አልጋነሽ ስድስት ኪሎ ሄዳ እንደሆነ ጠየቀቻት። ጫር ጫር።

ደግሞ በዚያው ሳምንት ነጂባ ራሷ፣ ቧንቧው ሥር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እሁድ ስብሰባ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ልኬ የእህቴ ልጅ ወልዳ መርካቶ አራስ ልጠይቅ ሄድኩ” ብላ አወራች። ሴቶቹ ሁሉ ‹እሰይ አበጀሽ› ብለው ሳቁ። አስካለም እንደ ሌላው ሰማች፤ ቤቷ ገብታ ግን ‹ዌንት! ዌንት አገኘሁ!› ብላ ጻፈችው።

ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ካርዱ ይያዝበታል፤ ካርዱ ከተያዘ ስኳርና ሳሙናን በዓይኑ ብቻ ነው የሚያያቸው። ነጂባ ደግሞ በር ላይ ቅመም የምትቸረችረው በቀበሌው በጎ ፈቃድ ነው። ‹ዋሽታ ቀረች› ከተባለ ቅመሙም አለቀለት።

ከዚያም በላይ፣ ያ ዘመን ለጥያቄ የሚመች ዘመን አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በፊት ‹ትናንት የት ነበርክ? ማን መጣብህ?› እያለ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዓይነት ሰው ነበር፤ መልሱንም በደብተር ይጽፈው ነበር። ሰው ይህን ሊረሳ አልቻለም። አልጋነሽ አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ አስካለ ቤት ገብታ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብተር አየች። እንግሊዝኛውን አታውቀውም፤ ስሟን ግን በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ስታየው ለየችው። ወንፊቱን ሳትወስድ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ አስካለ ወደ ቧንቧው ስትጠጋ ወሬው ይቆማል። “እንዴት ዋላችሁ?” ስትል “እግዚአብሔር ይመስገን” ብቻ። “ምን አዲስ ነገር አለ?” ስትል ሁሉም ባልዲውን ያያል። ነጂባ እንኳ፣ ያቺ ወሬ ካላወራች የሚያማት ነጂባ፣ ውኃዋን ቀድታ ዝም ብላ ትሄዳለች። አስካለ አሥሩን ዓረፍተ ነገር መሙላት ከበዳት። የባሰ ጠየቀች። የባሰ ዝም አሏት።

የጥር ሥላሴ ደረሰ። በየዓመቱ ዋዜማውን የግቢው ሴቶች ቀሚሳቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው አስካለ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ እሷም ‹ሥላሴ የሚሄድ ሰው ከአፍንጮ በር መሆኑ በቀሚሱ ይታወቅ› እያለች ስትተኩስ ታመሻለች። ያን ዓመት አንድም ሰው አልመጣም። ካውያውን አግላ ጠበቀች፤ ቀዘቀዘ፤ ደግማ አጋለች። በነጋታው ሴቶቹ ሲወጡ በመስኮት አየቻቸው። የሁሉም ቀሚስ ከሣጥን እንደወጣ ጭምድድ ያለ! አስካለ ደረቷን ያዘች። ሰው ተቀይሞ ዝም ሊል ይችላል፤ እንዲህ ተጨማድዶ ለንግሥ የሚወጣ ሰው ግን ፈርቷል ማለት ነው። ‹እኔን? እኔን ፈሩ?›

ከንግሥ እስኪመለሱ ጠብቃ እማማ ለተክርስቶስ ቤት ገባች።

“እማማ ለተ፣ ምን አድርጌ ነው?”

“ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ፣ ይኸው አሁንም ጠየቅሽ!” አሏት።

“መጠየቅ ምን ነውር አለው?”

“መጠየቁስ ባልከፋ። መጻፍሽ ነው እንጂ።”

አስካለ መጀመሪያ አልገባትም፤ ቆይቶ ነው የገባት። ቁጭ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሸሚዙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መምህሩን፣ ሦስቱን መስመር። እማማ ለተክርስቶስ አገጫቸውን ይዘው ሰሟት።

“እንግሊዝኛውን ተዪውና ንገሪኝ። ስሜ አለበት?”

“አለበት።”

“ምን ይላል?”

“‹ለተክርስቶስ አረቄ ጠጣች› ይላል።” አስካለ ፊታቸውን አይታ ቶሎ ጨመረች፦ “ቀጥሎ ግን ‹አልጠጣችም› ይላል!”

“እንዴት ነው ነገሩ? ጠጥቻለሁ ወይስ አልጠጣሁም?”

“ሦስተኛው መስመር ላይ እሱኑ እጠይቃለሁ።”

“አንቺ ልጅ፣ አእምሮሽን ነው ያሳጣሽ ይኼ ትምህርት” አሉ እማማ ለተክርስቶስ፤ ከንፈራቸው ግን በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ነጂባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም። “የእኔስ እሁድ?” አለች። “ጽፈሽዋል?”

“... ጽፌዋለሁ።”

“ቅደጂው።”

“ዓርብ መምህሩ አይተውት ቅዳሜ...”

“ዓርብ እኔ የት እንደምሆን በምን አውቄ? አሁን አምጪና ቅደጂው አስካለ!” አስኩ አላለቻትም።

አስካለ ሮጣ ቤቷ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የለም። ትራሱ ሥር የለም። ከዚያ ትዝ አላት፤ ጠዋት ለሳሙና የቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ነበር፤ ካርዷን ለማውጣት ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፤ ሳሙናውን ታቅፋ ወጣች። ነጠላዋን ሳታጣፋ ቁልቁል ወረደች። ባለ ሱቁ ገና ሲያያት ራሱን ነቀነቀ።

“ጓድ እሸቴ ወሰዱት” አላት። “ስም የበዛበት ደብተር ነው አሉ።”

ጓድ እሸቴ የቀበሌው ጸሐፊ ነው። በነጋታው አንድ የአብዮት ጥበቃ ወረቀት ይዞ መጣና ስማቸው እዚያ ደብተር ላይ ያለ ሴቶች ሁሉ ከሦስት ሰዓት በፊት ቢሮ እንዲቀርቡ ነግሮ ሄደ። ሁሉም ሄዱ። አስካለ ፊት ፊት፣ ነጂባ፣ አልጋነሽና እማማ ለተክርስቶስ ከኋላ። አንድም ሰው አላናገራት።

ጓድ እሸቴ ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ ነጥብ ያልሞላለት፣ እንግሊዝኛ ግን ነፍሱ የሆነ ሰው ነው፤ ከካኪው ኪስ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ተለይቶ አያውቅም። ካኪውን አስካለ ናት የምትተኩሰው። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“‹ነጂባ ዌንት ቱ ዘ ሚቲንግ›” ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ራሱን ነቀነቀ። “ነጂባ ስብሰባ ሄደች። መልካም።” ጣቱን ወደ ታች አወረደ። “‹ነጂባ ዲድ ኖት ጎ ቱ ዘ ሚቲንግ›። ነጂባ ስብሰባ አልሄደችም።” ቅንድቡ ተገናኘ። “‹ዲድ ነጂባ ጎ ቱ ዘ ሚቲንግ?› ነጂባ ስብሰባ ሄዳለች ወይ?”

ቀና አለ። ሴቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

“ይኼ ምንድነው? ሄደች፣ አልሄደችም፣ ሄዳለች ወይ?” ገጹን ገለበጠ። “ለተክርስቶስ አረቄ ጠጣች፣ አልጠጣችም፣ ጠጥታለች ወይ? ማነው ይኼን የሚጠይቀው? ማነውስ የሚመልሰው?”

“የማታ ትምህርት የቤት ሥራ ነው፣ ጓድ” አለች አስካለ።

“የቤት ሥራም ይሁን። ሰው ዝም ብሎ አይጽፍም። ከሦስቱ እውነቱ የትኛው ነው?”

ነጂባ መሬቱን ታያለች፤ እጆቿ ነጠላዋን ጨምድደው ይዘዋል። አስካለ ያንን ጭምድድ አየች። አንደኛውን ብትል ውሸት ነው፤ ነገ ከስም መቆጣጠሪያው ጋር ቢያስተያየው ያበቃል። ሁለተኛውን ብትል ‹የት ሄደች?› ይመጣል፣ የሕመሙም ውሸት ይወጣል፤ ጓደኛዋን በገዛ አፏ ሸጠች። ከዚያ ከየት እንደመጣላት እንጃ፦

“ጓድ፣ ገና አልታረመም” አለች።

“ምን?”

“መምህሩ ገና አላረሙትም። የትኛው ልክ እንደሆነ የሚታወቀው ሲታረም ነው።”

እማማ ለተክርስቶስን ያልነበረባቸው ሳል ያዛቸው። ጓድ እሸቴ አስካለን አየ፣ ደብተሩን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ተተከለ።

“‹አልጋነሽ ዲድ ኖት ዌንት›? ይኼማ ስህተት ነው! ዲድ ካለ ዌንት እዚህ ምን ይሠራል?”

“አንዱን ሸክም ለሁለት ሰው አሸከምኩ” አለች አስካለ።

“እንዴት አልሽ?”

“ሽማግሌው ተሸክሞ ከሄደ ግሱ አይሸከምም ብለውናል።”

ጓድ እሸቴ ይቺን በአፉ ውስጥ አገላበጣት፤ እንደጣፈጠችው ፊቱ ላይ ታየ። “ጥሩ መምህር ነው ያላችሁ” አለና ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ። ‹ዌንት›ን ሰረዘ፣ ‹ጎ› ብሎ ጻፈ። ወደሚቀጥለው አለፈ። “እዚህ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ረስተሻል።” ሌላም አረመ። ቆመው ሲያያቸው በእጁ አግዳሚውን አሳያቸው፤ ተቀመጡ። ስብሰባ ሲመራ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። እያረመ እያረመ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

“‹ጓድ እሸቴ ቶክድ ፎር ፎር አወርስ›” ብሎ ቀስ ብሎ አነበበ።

አስካለ ዓይኗን ጨፈነች። ይቺን ረስታት ነበር። ባለፈው ስብሰባ ሰውዬው ለአራት ሰዓት ሲናገር ‹ቶክድ› የምትለውን ቃል አገኘሁ ብላ እዚያው ስብሰባው ላይ የጻፈቻት ናት።

“ጓድ እሸቴ አራት ሰዓት ተናገረ” አለ እሸቴ ለራሱ። ከዚያ ሁለተኛውን መስመር አየ፣ ሦስተኛውንም አየ። አልጋነሽ ‹በእመቤቴ› ስትል ተሰማች። እሱ ግን እስክሪብቶውን አንሥቶ አንዲት ቃል ሰረዘ።

“አራት አይደለም” አለ። “ሦስት ነው። ሦስት ሰዓት ነው የተናገርኩት።”

“ሦስት ነው፣ ጓድ” አሉ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ አፍ።

ከታች ‹ሃያ አራት ከሠላሳ› ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበትም፤ ማኅተም ሊያሳርፍበትም ቃጥቶት ነበር። ደብተሩን ለአስካለ መልሶ፣ ሲወጡ ግን፦

“ወይዘሮ ነጂባ” አለ።

ነጂባ ዞረች።

“በሚመጣው እሁድ ለአንቺ የሚሠራው አንደኛው መስመር ብቻ ነው። ገባሽ?”

“ገባኝ ጓድ። ወላሂ ገባኝ።”

ዳገቱን እስከ አጋማሹ ወጡ። ከዚያ እማማ ለተክርስቶስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና “ሦስት ሰዓት ነው!” ሲሉ ሁሉም እዚያው መንገዱ ላይ በሳቅ ተንከተከቱ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያያቸው። ነጂባ ብቻ አልሳቀችም።

ቧንቧው ጋ ሲደርሱ ወደ አስካለ ዞረች።

“ስላዳንሽኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ የከተትሽኝ ግን አንቺው ነሽ። ያንን ሁሉ ጠየቅሽን፤ የት ዋልሽ፣ ምን በላሽ፣ ማን መጣ። ‹ስምሽን ልጻፈው ወይ?› ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም።”

“አልጠየቅኩሽም” አለች አስካለ። “ጥፋቴ ነው።” ደብተሩን ከፈተች፤ ስም ያለበትን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ ቀደደችና ለነጂባ ሰጠቻት። የጓድ እሸቴ ሃያ አራትም፣ ፊርማውም አብሮ ተቀደደ። ነጂባ ወረቀቱን ወስዳ ደጇ ላይ ካለው የምድጃዋ ከሰል ሥር አደረገችና ለኮሰችው።

ወረቀቱ አመድ ሲሆን አመዱን በእንጨት በተነችው። ከዚያ፦

“ለዓርብ ታዲያ ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?” አለች።

“ምንም።”

“አሥር ነው ያልሽው?”

“አሥር።”

ነጂባ እርግብግቢቱን አንሥታ ከሰሏን አራገበች። “እንግዲያው ጻፊ። ስሜንም ጻፊ፤ አሁን ፈቅጃለሁ። ‹ነጂባ ትናንት አውሮፕላን ነዳች› በይ።”

“እንዴ!”

“ጻፊ አልኩ! ይኼን ማንም ቢያገኘው ምን ያመጣል?”

አስካለ እርሳሷን አወጣች። አልጋነሽ ከወዲያ “እኔ ትናንት ባሕር ውስጥ ዋኘሁ በይ” አለች። እማማ ለተክርስቶስ ደግሞ ጥቂት አሰቡና “እኔን ከንጉሥ ጋር ራት በላች በይኝ” አሉ፤ ወዲያው ደንገጥ ብለው “የለም፣ የለም፣ ንጉሡ ይቅር። የሰው አገር ንግሥት አድርጊው” አሉ።

“መምህሩ ከኑሯችሁ አምጡ ብለውናል እኮ፣ እማማ።”

“ታዲያ ከኑሯችን አይደለም? እዚህ አገር እውነት እያወራን ነው እንዴ የምንኖረው?”

ዓርብ መምህር ወልደሥላሴ ደብተሩን ለክፍሉ ጮክ ብለው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ሠላሳውም መስመር ልክ ነበር። እምሩ ከኋላ ሆኖ “ይቺ አውሮፕላን ነጂዋ ባል አላት ወይ?” ብሎ ጠየቀ፤ “ደዝ ሺ ሃቭ” ብለህ በእንግሊዝኛ ጠይቅ ብለው መምህሩ አስቆሙት።

ከዚያ ወዲያ የሐሙስ አመሻሽ ቧንቧው ጋ ሥራ በሥራ ሆነ። ሴቶቹ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምረው ውሸት ያጠራቅማሉ። ማን የበለጠ ይዋሻል ሆነ ነገሩ። አስካለ መጀመሪያውን መስመር ታነባለች፣ ሁለተኛውን ታነባለች፣ ሦስተኛውን ስትጠይቅ ሁሉም ባንድ ድምፅ “የስ ሺ ዲድ!” ብለው ይጮኻሉ። አልጋነሽ ከዚህ ሌላ እንግሊዝኛ አልቻለችም፤ ይቺን ግን እስክትሞት አልረሳቻትም። ኋላ አስካለ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና ስታልፍ፣ ከእንፋሎቱ ወጥታ ባንኮኒው ላይ ልብስ ተቀባይ ስትሆን፣ የእያንዳንዱን ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጣ ‹ይኼ አይተኮስም፣ ይኼ በቀዝቃዛ ነው› ስትል ላውንደሪው ሁሉ ይገረም ነበር። እሱ ግን ኋላ ነው።

ሚያዝያ ውስጥ ይመስለኛል፣ አንድ አመሻሽ፣ ውኃዋ ዘግይታ ሌሎቹ ተሰላችተው ገብተዋል። አስካለና ነጂባ ብቻ ቀሩ። አስካለ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ እርሳሷን ታሾላለች። ነጂባ ባልዲዋን ገልብጣ፣ መልሳ አቀናችው። ከዚያ ጠጋ አለች።

“አስኩ” አለቻት።

“እመት።”

“አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን።”

“ውሸት ነው?”

“እውነት ነው።”

አስካለ እርሳሷን ጠጉሯ ውስጥ ሰካች። ደብተሩን አጠፈችና በሁለት እጇ ለነጂባ አቀበለቻት። ነጂባ ተቀበለች፤ አየችው፤ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ አነጠፈችውና ተደላድላ ተቀመጠችበት።

“ታውቂያለሽ” ብላ ጀመረች።